አራተኛው ገዳም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም ያው መነጽር ቤት። ጠዋት ሌንስ ስሞርድ አንዱ ተሰነጠቀብኝ። አለቃዬ "ሐሳብሽ የት ነው?" አለኝ። የት ይሆናል... እዚሁ ነበር። አንዲት ሴትዮ መጥታ "ወጣት የሚያስመስል ፍሬም አምጪልኝ" አለች። መደርደሪያውን ሙሉ አስወረደችኝ። በመጨረሻ የድሮዋን አጥልቃ ሄደች።

ማታ ከአባባ ጋር እራት። ሾርባው ጨው በዝቶበታል አለ፤ ሁለቴ አስጨምሮ ጠጣው። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና፣
"ሁለታችንንም አስመዝግቤያለሁ" አለ።
"ምን ላይ?"
"ጉብኝት። የጡረተኞች ማኅበሩ ያዘጋጀው ነው። የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ገዳማቱን ማየት።"
"አንተ? ገዳም?"
"ምን አለበት? የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ነው። ድንጋዩ እንዴት ሳይወድቅ እንደቆየ አያለሁ።"

ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ሰው። አሳንሰር የሌለውን ሕንፃ ሕንፃ አይለውም። ስለ ጥንት ግንብ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

የጉብኝቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተኛ። ስድስት ገዳማት። አራተኛው፣ ገደል ላይ ያለው የሴቶች ገዳም...

እህቴ ያለችበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ያውቃል? እንዴት አያውቅም? ግን ብጠይቀው ሁሉንም ይሰርዘዋል። አፌን ይዣለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ ገረመው። "አንቺ ደግሞ ፈቃድ ትወስጃለሽ እንዴ?"

ሌሊቱን እሷን ሳስብ ነው ያደርኩት። ቀጭን ስለነበረች ጭራሮ እንላት ነበር። እናታችን ስትሞት እሷ አራት ዓመቷ፣ እኔ አሥራ አንድ። ፀጉሯን ያበጠርኩት እኔ። ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ያደረስኳት እኔ። ልቧ ግን አባባ ጋ ነበር። ትምህርቷን እንደጨረሰች ቱታ ለብሳ ከሱ ጋር አሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ መግባት ጀመረች። "ጆሮ አላት" ይል ነበር ላገኘው ሰው ሁሉ። "ማሽኑ ሳይታመም ሕመሙን ትሰማለች።" ወርክሾፑ በር ላይ "አባትና ልጅ" የሚል ሰሌዳ አሠርቶ ሰቀለ። እኔም ልጁ ነኝ... ግን አልቀናሁም። ወይ ትንሽ ቀንቼ ይሆናል።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናት ገዳም ልገባ ነው አለች። አባባ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጮኸ። ከዚያ "ሬሳዬንም እንዳታዪ" አለ። ሄደች። ሰሌዳውን አወረደ፣ ወርክሾፑን ሸጠ፣ ስሟ ከቤታችን ወጣ። አሥራ አራት ዓመት።

ደንባቸው ጥብቅ ነው። በዓመት ሁለቴ መነጽር ቤቱ ትደውልልኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ በፍርግርግ በኩል አይቻታለሁ። ለአባባ የሥራ ሥልጠና ነው ብዬ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሻንጣ። አባባ አዲሱን ሸሚዝ አስተኩሶ አስቀመጠ። "ለድንጋይ?" አልኩት። "አውቶቡሱ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?" አለኝ።

እኔ የምወስድላትን አጣሁ። ምን ይወሰዳል? ሹራብ አይለብሱም፣ ጣፋጭ ለሁሉም ካልሆነ አይቀበሉም። ለሁሉም የሚሆን ካራሜላ ገዛሁ። እንደ ልጅ ልደት...

አንድ ነገር ግን አውቄያለሁ። ትመጣ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ፊት ለፊት። ክፍሏን አላፈረስኩትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አውቶቡሱ ሽበት በሽበት። ትንሿ እኔና አስጎብኚዋ ነን። ከፊታችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ተቀምጠዋል፤ አስጎብኚዋ ማይክሮፎን ባነሣች ቁጥር "በስተ ግራ እንጂ በስተ ቀኝ አይደለም" ይሏታል። ልጅቷ ታግሣ ታግሣ፣ "እርስዎ ቢነዱልንስ?" አለቻቸው። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ከተማውን እንደወጣን ወንዙ መጣ። ከዚያ በኋላ አልተለየንም። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ግራና ቀኙ ገደል፣ ከገደሉ ሥር የፍራፍሬ እርሻ፣ ውኃው ላይ ቢጫ ቅጠል። እንዲህ ያለ አገር ላይ መሆኗ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ይህን ሁሉ ያየችው ያለ እኔ ነው።

የመጀመሪያው ገዳም መነኩሴ የለውም። ጣሪያው ወድቆ ሣር በቅሎበታል። የግቢው ዓምዶች አናታቸው ላይ ቅርጽ አለ፤ ወፍ፣ ወይን፣ አንዱ ላይ ምላሱን ያወጣ ሰውዬ። ግንበኛው አለቃውን ሲሰድብ ነው አለች አስጎብኚዋ። አባባ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ዞረ። ለሰዎቹ ስለ መሠረት ያስረዳል፣ ይቀልዳል። እንዲህ ሲያወራ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሁለተኛው ገዳም ደሴት ላይ ነው፣ በጀልባ ተሻገርን። ግድግዳው ላይ የተሳለች እመቤት ፊቷ ጠፍቷል፤ ሰው ለዘመናት እየሳመ አጥቦት። እጇ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ እጅ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ሦስተኛው ላይ መነኮሳት አሉ። አንዱ ሽማግሌ ማር ይሸጣሉ። "ከየት መጣችሁ? ወዴት ትሄዳላችሁ?" አሉን። አባባ "ወደ ላይ" አለ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ጠፋ። ምሳውን አልነካም። ማረፊያው ጋ ስንደርስ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ "ነገ አራተኛው ነው፣ አይደል?" አለኝ።
"አዎ አባባ።"
"ደረጃ አለው?"
"ብዙ።"
"ጉልበቴን አሞኛል" አለና በሩን ዘጋ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አልወረደም።

አውቶቡሱ ገደሉ ሥር ካለችው መንደር ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። እሱ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ "እናንተ ሂዱ" አለ። አዲሱን ሸሚዝ ለብሷል። "አባባ..." ብዬ ጀመርኩ። "ሂጂ አልኩ!" ሾፌሩ ራሱ ደነገጠ።

ደረጃው አያልቅም። ከላይ ወንዙ እንደ ክር ታጥፎ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ፣ ጨለማ፣ ቀዝቃዛ። አስጎብኚዋ ስለ ቅስቶቹ ጀምራ ሳትጨርስ ከእንጨት ፍርግርጉ ጀርባ ዜማ ተነሣ። መምህሩ እንኳ ዝም አሉ። አይታዩም። ድምፅ ብቻ። ስድስት ሰባት ሴቶች። እኔ ግን አንዷን ለየኋት። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ወደኋላ የሚቀር። ልጅ ሆና ሳጥባት እንደዚያ ነበር የምታንጎራጉረው። ያገኘሁት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

በኋላ በረኛዋን መነኩሲት ለመንኳት። እንግዳ መቀበያ ክፍል አስገባችኝ። ያው ፍርግርግ። መጣች።
"ወፍረሻል" አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ!
"አንቺም አላማረብሽም" አልኳት። ሳቅን። ከዚያ ተላቀስን።
ጣቶቿን በቀዳዳው አሳለፈች። ጥፍሯ ሥር ግራሶ። "የዕቃ ማንሻውን እኔ ነኝ የምይዘው" አለች። ዱቄቱ፣ እንጨቱ፣ ሁሉም ከመንደር የሚወጣው በሱ ነው።
"ነይ እንሂድ" አልኳት። እንዳሰብኩት ሳይሆን፣ እንዲሁ አመለጠኝ። "ክፍልሽ እንዳለ ነው።"
"ቤቴ ነው እኮ እዚህ። ትናፍቂኛለሽ። ስትናፍቂኝም ቤቴ ነው።"
"አባባስ?" አለች ቀስ ብላ።
"ታች ነው። አውቶቡስ ውስጥ።"
ፊቷ ተለዋወጠ። "ታች? እዚህ ታች?" ጣቶቿን ሰበሰበች። ደወል ተደወለ፣ ሄደች።

ወረድኩ። አባባ እንደተቀመጠ ነው። አውቶቡሱ ተነሣ፣ መንደሩን ዞሮ ማረፊያችን ጋ ቆመ፤ ሰው ወረደ። እኛ ቁጭ እንዳልን።
"ከስታለች?" አለኝ። ወደ መስኮቱ ዞሮ።
"ደህና ናት።"
"እኔ የጠየቅሁሽ ከስታለች ወይ ነው።"
"ያው ጭራሮ ናት።"
ራሱን ነቀነቀ። "ያኔ ለሥልጠና ሄደሽ ምንም ሳትሠለጥኚ ነው የመጣሽው" አለ።
ያውቅ ነበር። ሁሌም!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ወንዙ ሞላ፣ ድልድዩ ተዘጋ። አስጎብኚዋ ፈራ ተባ እያለች ነገረችን፤ ዛሬ መንቀሳቀስ የለም። መምህሩ ይህን ወንዝ ድሮም አላምነውም አሉ።

ቁርስ ላይ አባባ የለም። ክፍሉ የለም። ሽንት ቤት የለም። ወንዙ ነው የታሰበኝ... ሮጥኩ።

ገደሉ ሥር አገኘሁት። ማንሻው ጋ። ከላይ የብረት ገመድ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ትልቅ የእንጨት ሳጥን። ዕቃ ጫኙ የዱቄት ጆንያ ይዞ ቆሟል። ጆንያው የሚገባበት ሳጥን ውስጥ አባባ ተቀምጧል!

"አባባ! ምን እያደረግህ ነው?"
"ሲጢጥ ሲል አልሰማሽም? ከጠዋት ጀምሮ እያሰቃየኝ ነው።"
ዕቃ ጫኙ ላብ አጥምቆታል። "ሰው አይወጣበትም አልኳቸው። እምቢ አሉ።"
"እላይ የሚያሽከረክረው ማነው?" አለው አባባ።
"ማሽነኛዋ እህት ናት።"
"እንግዲያውስ ይወጣበታል።"

ሰውዬው ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሣ። "እህት፣ አንድ ሽማግሌ ሳጥኑ ውስጥ ገብተው አልወጣም ብለዋል።" ከስልኩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቅርብ ቆሜያለሁ።
"ባርኔጣ አድርገዋል?"
"አዎ። ቡኒ።"
ሰውዬው የተቋረጠ መስሎት "ሄሎ?" አለ።
"እመምኔቷን ላስፈቅድ" አለች።

ጠበቅን። አባባ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። እንደ ትንሽ ልጅ። ፂሙን አልተላጨም። ስልኩ ጮኸ።
"በሳጥኑ የወጣ የታመመ ሰው ከዚህ በፊትም ነበር ብለዋል እመምኔቷ። ጆንያ ከጀርባቸው አድርጉላቸው። እጃቸውን ወደ ውጭ እንዳያወጡ ንገሯቸው።" ወዲያው ደግሞ፣ "እነግራቸዋለሁ ብለህ አትልፋ፤ ያውቁታል" አለች።

ገመዱ ተወጠረ። ሳጥኑ ከመሬት ለቀቀ። እኔ ወደ ደረጃው! እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። በየመታጠፊያው ቀና ስል ሳጥኑ አለ፣ ቀስ እያለ፣ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ። ባርኔጣው ይታየኛል። ወደ ታች አያይም፣ ወደ ላይ ነው የሚያየው።

ላይ ስደርስ ማንሻው ቤት በሩ ክፍት ነው። ፍርግርግ የለም። እሷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ትልቁን እጀታ ታዞራለች፣ ሁለት መነኮሳይት ያግዟታል፣ እመምኔቷ በር ላይ ቆመዋል። ፊቷ ቀልቷል፣ ላቧ ይንጠባጠባል። አላየችኝም። ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው።

ሳጥኑ ብቅ አለ። ቆለፈችው። አባባ አልተነሣም። ተያዩ።

"ሁለተኛው ጎማ ጥርሱ ተበልቷል" አለ። "አልሰማሽውም?"
"ሰምቼዋለሁ" አለች። "ከዓመት በፊት ነው የሰማሁት። መለዋወጫ አጥቼ ነው።"
"ኩሽኔታውስ?"
"እሱንም ሰምቼዋለሁ።"
"እንዲህ ሆኖ ነው ያወጣሽኝ?"
"ምን ላድርግ፣ ከሳጥኑ አልወርድም ብሎ... አታውቀውም እንዴ አባቴን?"

ሊስቅ አፉን ከፈተ። የወጣው ሌላ ነገር ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱ ላይ ያዘ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳጥኑ ውስጥ ገብታ አጠገቡ ተንበረከከች። እመምኔቷ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። እኔም ሄድኩ። ሦስታችንም ዱቄት በዱቄት ሆንን። አንገቷን አሸተትኩት። ሳሙናና ግራሶ። የድሮው ሽታ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ድልድዩ ተከፈተ። አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቷል። አባባ ማረፊያው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሻንጣው እግሮቹ መሐል።

"ና እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"
"እናንተ ቀጥሉ። ማንሻውን እንዲህ ትቼው አልሄድም። ሰው ይጥላል።"
"ሌላ ጠጋኝ የለም?"
"አለ። ሲሠራ ግን ማን ያምነዋል?"
"ስንት ቀን?"
"እስኪጠገን።"
"መድኃኒትህስ? ጉልበትህስ?"
ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለም። ፊቱ ላይ ቁጣ ሳይኖር እንዲህ ያረጀ ነው ለካ። "ታች ሆኜ ጠዋት ሲዘምሩ ይሰማኛል" አለ። "ዛሬ ሰማኋቸው። ለየኋት።"

መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለይቼ ሰጠሁት። አስጎብኚዋ አቅፋ አውቶቡሱ ውስጥ ስታስገባኝ አስታውሳለሁ። አምስተኛውና ስድስተኛው ገዳም... ግንብ ነበሩ። ማማ ነበራቸው። ሌላ አላየሁም።

አንዷን ላመጣ ሄጄ ሁለቱን ትቼ መጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሾርባ ሠራሁ። ጨው አሳነስኩ። የሚያማርር የለም። ደፋሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አባባ ደወለ። "መለዋወጫው አልደረሰም።" ድምፁ ደስተኛ ነው። መንደሩ ውስጥ ዕቃ ጫኙን ሠራተኛው አድርጎታል መሰለኝ፤ ከኋላ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" ይላል።

"ቤቱ እንዴት ነው?" አለኝ። "ያው ነው" አልኩ። ያው አይደለም። ማታ ሲያስል ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቃለሁ። የሱን ሳል ስጠብቅ እንቅልፍ የማጣ ሰው ሆንኩ!

እሑድ፣ ኅዳር 14

በሕልሜ እጀታውን እኔ አዞራለሁ። ገመዱ ይመጣል፣ ይመጣል... ሳጥኑ አይደርስም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ተጠገነ። አሁን ድምፅ የለውም፣ እንደ ቅቤ ነው አለ። "እንግዲህ መቼ ትመጣለህ?" አልኩት። "ክፍል ተከራየሁ" አለ። "መስኮቱ ወደ ገደሉ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እመምኔቷ ለማሽን ምርመራ ፈቅደውልኛል። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች።"

"ገደል ሥር ልትኖር ነው? በዚህ ዕድሜህ?"
"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የት እንደኖርኩ አላውቅም" አለ። "ተቆጣሽ?"
"አልተቆጣሁም።"
ተቆጥቼ ነበር። ስልኩን ዘግቼ የመነጽር ቤቱ መታጠቢያ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ያሳደግኳትም እኔ፣ የጦርኩትም እኔ። እነሱ አንድ ላይ ናቸው። እኔ መነጽር ቤት። ማን ነው አሁን እኔን የሚጠብቅ?

ስወጣ አለቃዬ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ደህና ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ክፍሏን አፈረስኩ። አልጋውን አወጣሁ። መጋረጃውን አጠብኩ። የልብስ ስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አስገባሁ። ክፍሉ ብርሃን አለው ለካ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

አሁን ገባሁ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ትናንት ብቻዬን በተራ አውቶቡስ ሄድኩ። አስጎብኚ የለ፣ መምህር የለ። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል፤ ያማረ ነው አሁንም። አባባ ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከስቷል፣ ፀሐይ መትቶታል፣ መላጨት ጀምሯል። ሻንጣዬን ካልያዝኩ ብሎ ታገለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነች፣ ንጹሕ። እራት እሱ ሠራ። ሩዙ አርሮ ነበር፤ ሁለቴ አስጨመርኩ።

ጠዋት ደረጃውን ወጣሁ። መቀበያው ክፍል ፍርግርጉ በኩል ብዙ አወራን። ነይ እንሂድ አላልኳትም። ስለ መነጽር ቤቱ ጠየቀችኝ፣ ስለ አለቃዬ ጠየቀችኝ፣ ምን እንደምሰፋ ጠየቀችኝ። ስለ እኔ ብቻ። መልሱ ሲጠፋኝ ትጠብቀኛለች። ስነሣ እጇን በቀዳዳው አሳልፋ አገጬን ያዘች። "አንቺ ደግሞ መቼ ነው ደስ የሚልሽ?" አለች። እንጃ አልኳት። "እያሰብሽ ነይ" አለች።

ስመለስ አባባ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ኪሱን ዳበሰ፣ ኮሌታዬን አስተካከለ፣ ሌላ የሚያደርገው አጣ። በሩ ሊዘጋ ሲል፣ "ስትደርሺ ደውዪ" አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ያቺን "ስትደርሺ ደውዪ" ሳስብ መጣሁ። እኔ ለስንት ጊዜ ነው ያልኳት... ለእህቴ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ለአባባ ሥራ ሲወጣ። ለእኔ ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የትም ስለማልሄድ።

ስገባ መብራቱን ሳላበራ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው።
"ደረስሽ?"
"ደረስኩ አባባ።"